ጭሱ ሲገፈፍ ፍሙ ይታያል፦ የአንድሮሜዳን ኖቫዎች ከሐዋሳ ሆኖ በኤክስሬይ መለካት

ቴሌስኮፕ የለኝም። ያለኝ ያረጀ ላፕቶፕ፣ የሌሊት የኢንተርኔት ፓኬጅና አንድ የሒሳብ ደብተር ነው። በእነዚህ ብቻ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች ክፍሌ ተቀምጬ፣ በጎረቤት ጋላክሲ፣ በአንድሮሜዳ፣ የፈነዳ ኮከብ በኤክስሬይ ሲበራና ሲጠፋ ለክቻለሁ። የእህቴ ልጅም ሠርታዋለች። 12ኛ ክፍል ናት። እውነቱን ለመናገር የእሷ ደብተር ከእኔ ይጸዳል።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ አይከፈልበትም። ዋናው ሥራ ቀን ማስተካከልና ክብ መሳል ነው። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ገደል ይገባል።

መጀመሪያ፣ የምትፈልጉትን እወቁ

ከሰል ስናቀጣጥል መጀመሪያ የሚያስለቅሰን ጭሱ ነው። ፍሙ ከሥር አለ፣ ግን አይታይም። ጭሱ ሲገፈፍ ቀዩ ፍም ብቅ ይላል። ቆይቶ ደግሞ አመድ ይሆናል። ኖቫ ማለት ይኸው ነው።

ነጭ ድንክ የሚባለው ኮከብ ክብደቱ ወደ ፀሐይ፣ ስፋቱ ወደ ምድር የሚጠጋ ነው። ከአጠገቡ ካለ ጓደኛ ኮከብ ሃይድሮጅን እየሳበ ላዩ ላይ ያከማቻል። የተከማቸው ከታች በኩል ይጨመቃል፣ ይግላል፤ አንድ ቀን የኑክሌር ውህደት ይለኮስና እንደ ጀበና ይገነፍላል። ሽፋኑ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወረወራል። ኮከቡ ራሱ ግን ይተርፋል፣ እንደገናም ማከማቸት ይጀምራል።

በተራ ቴሌስኮፕ የሚታየው የተወረወረው ጋዝ ነው፤ ጭሱ በሉት። ከሥሩ፣ ነጭ ድንኩ ላይ የቀረው ሃይድሮጅን መንደዱን ይቀጥላል። ሙቀቱ ግማሽ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። ይህን ያህል የጋለ ነገር የሚያወጣው ብርሃን ኤክስሬይ ነው። ጋዙ ሲሳሳ ኤክስሬዩ ያመልጣል፣ ነዳጁ ሲያልቅ ይጠፋል። እኛ የምንለካው እነዚህን ሁለት ቀኖች ነው፤ የበራበትንና የጠፋበትን።

ኤክስሬይ ሲባል እጃችን ሲሰበር የምንነሳው ራጅ ትዝ ይላችኋል። ዘሩ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን ይለያያል። የሆስፒታሉ ራጅ አሥሮች ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አለው። የኖቫው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በታች ነው፤ ወረቀት እንኳን ያስቀረዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «እጅግ ለስላሳ» ይሉታል። የምድር አየርም ስለማያሳልፈው እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ አይሆኑም። ከአየሩ በላይ ያለ ሳተላይት የግድ ነው።

ለምን አንድሮሜዳ?

በራሳችን ጋላክሲ ብዙ ኖቫዎች ከአቧራ ጀርባ ተደብቀው ይቀራሉ። የእያንዳንዱን ርቀት ማወቅም ፈተና ነው። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ እዚያ ያሉት ኖቫዎች ሁሉ ከእኛ ርቀታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ በዓመት ወደ 65 ኖቫ እንደሚፈነዳበት ይገመታል። ሁሉም አይገኙም፤ የሚገኙት ግን ለእኛ ይበቃሉ።

ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው በአፋር፣ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች በተሠሩበት ዘመን አካባቢ ነው። እነሱ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ናቸው። አንድሮሜዳ ራሷ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የእነሱ «ኢትዮጵያ» ከዛሬዋ ይሰፋል ተብሎ ክርክር ይነሣል፤ እኔ ግን ልጅቷን አሳልፌ አልሰጥም።

ጋላክሲውን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በኅዳር መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ከሐዋሳ ከአድማሱ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ የደመና ፍንጣሪ ይመስላል። ከከተማው መብራት ራቅ በሉ። የሐይቁ ዳር ጥሩ ነው፣ ለትንኙ ግን ረጅም እጅጌ ልበሱ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ላፕቶፕ። ባለ 4 ጊጋባይት ራም ይሠራል፣ 8 ከሆነ ይመረጣል። ዲኤስ9 የሚባለው ነጻ የሥነ ፈለክ ምስል መክፈቻ። ቀመር የሚያሰላ ማንኛውም ሰንጠረዥ ወይም ካልኩሌተር። ደብተር። በቃ።

አንድ ምክር፦ የሚወርደውን ፋይል ከቆመበት በሚቀጥል ፕሮግራም አውርዱ። መብራት ድንገት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። 90 በመቶ የደረሰ ፋይል ከዜሮ ሲጀምር ያለውን ንዴት አልመኝላችሁም።

አንድ፦ መልሱ የታወቀ ኖቫ ምረጡ

ጀማሪ ወዲያውኑ አዲስ ነገር ላግኝ ይላል። አትሞክሩት። መጀመሪያ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ሥሩ፣ እጃችሁን ፈትኑ።

የእኔ ምርጫ ኤም31ኤን 2008-12ኤ ነው። ስሙን እንዲህ አንብቡት፦ ኤም31 የአንድሮሜዳ መለያ ነው፣ ኤን ኖቫ፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2008፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል በዚያ ወር ከተገኙት የመጀመሪያው ማለት ነው። ይህ ኖቫ ጉደኛ ነው። ብዙዎቹ ከአንድ ፍንዳታ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመት ዝም ሲሉ፣ እሱ በየዓመቱ ገደማ ይፈነዳል። ነጭ ድንኩ በጣም ከባድ ስለሆነ ለመለኮስ ጥቂት ሃይድሮጅን ይበቃዋል። የተወረወረው ጋዝም ትንሽ በመሆኑ ጭሱ ቶሎ ይገፈፋል። ኤክስሬዩ ከፍንዳታው በ6ኛው ቀን አካባቢ ይበራል፣ በ18ኛው ወይም በ19ኛው ይጠፋል። ሌሎች ኖቫዎች ወራትና ዓመታት ይወስዳሉ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፦ ሙሉው ታሪክ በሦስት ሳምንት ያልቃል።

ከፍንዳታዎቹ ውስጥ የ2014ቱን ውሰዱ። የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2014 ነው። በእኛ መስከረም 22 ቀን 2007፤ መስቀል ካለፈ አምስት ቀኑ።

ሁለት፦ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ የእኛ አገር ሰው ደግሞ በእጥፍ። የሳተላይቶቹ ሰዓት ዩቲሲ፣ ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ይቀድማል፣ ግን ቆጠራችን ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ስለዚህ አቋራጩ ይህ ነው፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ። ዩቲሲ 18:30 ከሆነ 15:30፣ ከዚያ 3:30፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል።

ቀኑ ግን ወጥመድ አለው። ዩቲሲ 22:00 ሲሆን እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ቆጠራ ቀኑ ተቀይሯል፣ በእኛ ልማድ ግን ገና አልነጋም። የእህቴ ልጅ በዚህ ምክንያት አንድ ምልከታ ላይ ሙሉ ቀን አሳስታ ነበር። አሁን ደብተሯ ላይ አንድ ደንብ ጽፋለች፦ ሥሌት ሁሉ በዩቲሲና በፈረንጅ ቀን፣ የእኛ ቀን ዳር ላይ በእርሳስ። እኔም ወረስኩት።

ሦስት፦ ከቤተ መዛግብቱ አውጡ

ሂሳርክ የሚባለውን የናሳ የኤክስሬይ ቤተ መዛግብት ክፈቱ። የሚፈልገው ቦታ ነው። የሰማይ አድራሻችን 00 ሰዓት 45 ደቂቃ 28.8 ሰከንድ፣ ወደ ሰሜን 41 ዲግሪ 54 ደቂቃ 10 ሰከንድ ነው። ከሳተላይቶቹ ዝርዝር ስዊፍትን ምረጡ። ስዊፍት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2004 የተመጠቀ፣ ቶሎ ዞሮ የሚያይ ሳተላይት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጣን ኖቫ የተሠራ ይመስላል።

የምልከታዎች ረድፍ ይመጣላችኋል። ሁሉንም አታውርዱ፣ ፓኬጃችሁ ይሰናበታል። ሦስት ብቻ፦ አንድ ከፍንዳታው በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ አንድ ከ9ኛው እስከ 13ኛው ባለው፣ አንድ ከ20ኛው ቀን በኋላ። ከእያንዳንዱ ውስጥ የጸዳውን የፎቶን ዝርዝር ፋይል ብቻ አውርዱ፤ እያንዳንዱ የደረሰ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ቦታው፣ ሰዓቱና ጉልበቱ የተመዘገበበት ነው። ስዊፍት በብዙ አሠራር ይመዘግባል፣ እናንተ የምትፈልጉት ፎቶን የሚቆጥረውን ነው።

አራት፦ ክፈቱ፣ አጣሩ

ፋይሉን በዲኤስ9 ስትከፍቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥቂት ነጥቦች ታያላችሁ። «ይሄ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። አዎ፣ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ አንድ ፎቶን ሊሆን ይችላል።

የማሳያውን ሚዛን ወደ ሎጋሪዝም ቀይሩ። በቢን ዝርዝር ውስጥ ማጣሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የስዊፍት የጉልበት ቁጥር አንዱ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስለዚህ ከ30 እስከ 100 ያለውን አስቀሩ፤ ከ0.3 እስከ 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት ነው። ለስላሳው ፎቶን ያለው እዚያ ነው።

አሁን ማጣሪያውን ገልብጡት፦ ከ100 እስከ 1000 አድርጉና ያንኑ ቦታ እዩ። ነጥቡ ለስላሳው ላይ ታይቶ ጠንካራው ላይ ከጠፋ፣ የምትፈልጉት ዓይነት ነው። ሁለቱም ላይ ካለ፣ ሌላ ነገር ጠርጥሩ።

አምስት፦ ክብ ሳሉ፣ ቁጠሩ

በኖቫው አድራሻ ላይ ግማሽ ዲያሜትሩ 20 አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) የሆነ ክብ ሳሉ። ሌላ፣ ሦስት እጥፍ ግማሽ ዲያሜትር ያለው፣ 60 አርክሰከንድ ክብ ደግሞ ባዶ በሆነ ቦታ ላይ። ይህኛው የጀርባውን ጫጫታ ይለካል። ሦስት እጥፍ ግማሽ ዲያሜትር ዘጠኝ እጥፍ ስፋት ስለሆነ ቆጠራውን ለ9 ታካፍላላችሁ። ክቡን ሁለቴ ስትጫኑ መስኮት ይከፈታል፣ ትንተና ከሚለው ሥር ስታቲስቲክስ ውስጥ ድምሩን ታገኛላችሁ።

ለምሳሌ ያህል እንበል፦ ምልከታው 5,000 ሰከንድ ነበር። ትንሹ ክብ ውስጥ 38 ፎቶን፣ ትልቁ ውስጥ 9። ጀርባው በትንሹ ክብ ልክ 1 ይሆናል። 38 ሲቀነስ 1፣ 37። ለ5,000 ሲካፈል በሰከንድ 0.0074። ስህተቱ የ38 ካሬ ሥር ነው ማለት ይቻላል፣ 6 ገደማ። 37 ከ6 ጋር ሲነጻጸር ስድስት እጥፍ ነው፤ አለ ብላችሁ በድፍረት ጻፉ።

አሁን ደግሞ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ፋይል ክፈቱ። ትንሹ ክብ ውስጥ 2 ፎቶን አገኛችሁ እንበል፣ ጀርባው 1። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ባዶ ልተወው?»

«አይሆንም፤ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ከተውሽው ሳተላይቱ አላየም ማለት ነው። እሱ ግን አይቶ ነው ያጣው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

ጣራ ይጻፋል። 2 ፎቶን ሲቆጠር እውነተኛው አማካይ፣ በ95 በመቶ መተማመን፣ ከ6.3 አይበልጥም። ጀርባውን 1 ስትቀንሱ 5.3፣ ለ5,000 ሲካፈል 0.001 ገደማ። ሰንጠረዡ ላይ 0.001 ጽፋችሁ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አድርጉ። የበራበትን ቀን የሚወስነው ይህ ቀስት ነው። ቀስት በሌለበት፣ ኖቫው በ9ኛው ቀን በራ ወይስ ከመጀመሪያውም በርቶ ነበር የሚለውን ማንም አይለይም።

የራሴን ቀሽም ስህተት ልናዘዝ። በሌላ ኖቫ ላይ ስሠራ አንድ ምሽት ያየሁት ነጥብ ሁሉ እውነተኛ ሆነ። አምስት ግኝት በአንድ ሌሊት! ጠዋት ቡና ላይ ለጓደኞቼ አወራሁ። ከሰዓት ስመለከት የጀርባ ክቤ ግማሹ ያረፈው በካሜራው ቁራጮች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተት ፎቶን አይቀበልም። ጀርባው ስለዚህ ሐሰተኛ ዝቅ አለ፣ ነጥቡ ሁሉ ከፍ አለ። ጓደኞቼ እስካሁን «አምስቱ» እያሉ ይጠሩኛል።

ስድስት፦ ወደ ጋላክሲው መሐል

ስዊፍት ላይ እጃችሁ ከጸና ወደ ኤክስኤምኤም-ኒውተን እለፉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1999 የተመጠቀ የአውሮፓ ሳተላይት ነው። የአንድሮሜዳን መሐል በሰኔ 2000፣ በታኅሣሥ 2000፣ በሰኔ 2001ና በጥር 2002 አይቶታል፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ። ለምን ሰኔና ታኅሣሥ አካባቢ ብቻ? የፀሐይ ፓነሎቹ ወደ ፀሐይ መዞር ስላለባቸው አንድሮሜዳን የሚያይባቸው ወቅቶች በዓመት ሁለት ብቻ ናቸው። በመካከል የበራና የጠፋ ኖቫ ያመልጠዋል። ይህን አትርሱ፦ አልታየም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም።

እዚህ ቀለም መጠቀም ይቻላል። ከቤተ መዛግብቱ በጉልበት የተከፋፈሉ ዝግጁ ምስሎች ይወርዳሉ፤ በፋይሉ ስም መጨረሻ 1000፣ 2000፣ 3000 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 1000 ከ0.2 እስከ 0.5፣ 2000 ከ0.5 እስከ 1፣ 3000 ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በዲኤስ9 ባለ ሦስት ቀለም ፍሬም ክፈቱና በቅደም ተከተል ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አድርጓቸው። ትንሽ አለስልሱት። ምስሉ መብራት የበዛበት ከተማ ይመስላል፣ ከታቦር ተራራ ላይ ሐዋሳን በሌሊት እንደማየት። ብዙዎቹ ነጭና ሰማያዊ ናቸው፤ የኒውትሮን ኮከብ ወይም ጥቁር ጉድጓድ ከጓደኛ ኮከብ ጋር የተጣመረባቸው ጥንዶች። በመካከል እንደ ፍም ደማቅ ቀይ የሆኑት ናቸው የእናንተ።

ቀይ ሁሉ ግን ኖቫ አይደለም። የሱፐርኖቫ፣ ማለትም ኮከቡን የሚያጠፋ ፍንዳታ፣ ቅሪት ቀይ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ከፊታችን ያለ የራሳችን ጋላክሲ ኮከብም ቀይ ሊመስል ይችላል። በካሜራው ጠርዝ ላይ የተደረደረ ቀይ መስመር የመሣሪያ ጫጫታ ነው። ቦታው ከታወቀ ኖቫ ጋር በጥቂት አርክሰከንድ ካልገጠመ፣ ከፍንዳታው በፊት በተነሣው ምስልም ካለ፣ ተዉት። ከመሐሉ አጠገብ ደግሞ የጋለ ጋዝ ጭጋግ አለ። ስለዚህ የጀርባውን ክብ ከመሐሉ እኩል ርቀት ላይ አድርጉት። ሩቅ ጥቁር ቦታ ላይ ካስቀመጣችሁት ያው የእኔ «አምስቱ» ይደርስባችኋል።

የናሳው የኤክስሬይ ሳተላይት ቻንድራስ? ዓይኑ የሁሉንም ይበልጣል፣ ግማሽ አርክሰከንድ ይለያል። መሐል ላይ ተጨናንቀው ያሉትን ለመለየት እሱ ነው የሚያዋጣው። ግን ከሁለቱ ካሜራዎቹ ኤችአርሲ የሚባለው ጉልበት አይለይም ማለት ይቻላል፤ በእሱ ቀይ ነው ሰማያዊ ነው ማለት አትችሉም። በቀለም ከኤክስኤምኤም፣ በቦታ ከቻንድራ አስታርቁ።

በዚህ መንገድ ነው የጀርመኑ ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ፒች ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የቆዩ መረጃዎችን ከኖቫ ዝርዝሮች ጋር አስተያይቶ፣ በአንድሮሜዳ ካሉት እጅግ ለስላሳ ምንጮች ትልቁ ክፍል ኖቫ መሆኑን ያሳየው። አዲስ ሳተላይት አላመጠቀም፤ መዝገብ ነው ያገላበጠው።

ሰባት፦ ሰንጠረዡን አንብቡ

ወደ ታች ከፍንዳታው የተቆጠረ ቀን፣ አጠገቡ በሰከንድ የፎቶን ቁጥር፣ አጠገቡ ስህተት ወይም ቀስት። ከዚያ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነጥቡን አስቀምጡ።

ዘግይቶ የበራ ኖቫ ወፍራም ጭስ ነበረው፤ ብዙ ጋዝ ወርውሯል፣ ወይም ጋዙ ቀስ ብሎ ነው የተበተነው። ስለዚህ የጋዙን ፍጥነት ከሌላ ምንጭ ካገኛችሁ፣ ከበራበት ቀን ጋር አጣምራችሁ የተወረወረውን መጠን ትገምታላችሁ። የጠፋበት ቀን ደግሞ ስንት ነዳጅ እንደቀረ ይናገራል። በጠቅላላው ቶሎ የሚበሩት ቶሎ ይጠፋሉ፣ ሙቀታቸውም ይበልጣል፤ ነጭ ድንካቸው ከባድ ነው።

2014ቱን ጨርሳችሁ 6ና 18 አካባቢ ካገኛችሁ፣ የ2016ቱን ሥሩ። እሱ በመስከረም ሲጠበቅ እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን አስጠብቆ ነው የፈነዳው። ኤክስሬዩም ከወትሮው ቀድሞ ጠፋ። የእህቴ ልጅ ይህን ሳልነግራት ነው የሰጠኋት። ስትጨርስ ደብተሩን ይዛ መጣችና «ተሳስቻለሁ መሰለኝ፣ ቶሎ ጠፋብኝ» አለች። ክቡን አየነው፣ ልክ ነው። ቀኑን በዩቲሲ ቆጠርነው፣ ልክ ነው። ምልከታው የፈጀውን ሰከንድ ከፋይሉ አረጋገጥን፣ ልክ ነው። ላጲሷን ከእጇ ላይ ወሰድኩባት።